እምቢ ያለ የሽንኩርት ችግኝ፦ ከዘር እስከ ማሳ፣ ለጅማ ጓሮ

ጅማ ላይ ጓሮ ያለው ሰው ጎመንና ቃሪያ አያጣም። ሁለት ሦስት እግር ቡና፣ አንድ አቮካዶም ይኖረዋል። ቀይ ሽንኩርት ግን ከገበያ ነው። ከመቂና ከባቱ በኩል ተጭኖ የሚመጣውን ሂርማታ ገበያ ላይ እንገዛለን። ዋጋው ሲሰቀል እናማርራለን፣ ሲወርድ እንረሳዋለን። ለምን ራሳችሁ አትተክሉም ሲባል የሚሰማው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሞክሬ ነበር፤ ችግኙ እምቢ አለኝ።»

እውነት ነው፣ የሽንኩርት ችግኝ ዳተኛ ነው። ጎመን በአንድ ወር ለተከላ ሲደርስ ሽንኩርት ከ45 እስከ 55 ቀን መደብ ላይ ይቆያል። ግን በራሱ እርምጃ የሚሄድ ችግኝ አለ፤ ቀጥ ብሎ የቆመ ችግኝም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሁለተኛው ምርመራ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ችግኝ ሲቀጥንበት መጀመሪያ የሚያነሳው ዩሪያ ነው። በጅማ አፈርና በጅማ ዝናብ ግን ችግኙን ያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው፦ የታቆረ ውሃ፣ ጥላ፣ መተፋፈግ፣ ወይም አፈሩ ራሱ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

መጀመሪያ ወሩን አስተካክሉ

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሽንኩርት ደግሞ ራስ ሲቋጥርና ሲበስል ደረቅ አየር ይወዳል። ስለዚህ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ምርቱን የካቲት መጨረሻ ላይ፣ የመጋቢት ዝናብ ሳይደርስ መንቀል እንፈልጋለን። ከተዛወረ በኋላ ሦስት ወር ተኩል ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ማዛወር፣ መስከረም አጋማሽ ላይ መዝራት ይገባል።

መስከረም አጋማሽ ጅማ ላይ ገና ዝናብ ነው። የስምጥ ሸለቆ ገበሬ የማያውቀው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፦ መደባችን ጣሪያ ያስፈልገዋል። ጣሪያ ስል አራት እንጨት ተክሎ ነጭ ላስቲክ መወጠር ማለቴ ነው። ከዚህ አያልፍም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡበት። ከኅዳር እስከ የካቲት ውሃ የምታጠጡት እናንተ ናችሁ። ጉድጓድ ከሌላችሁና ሰፈራችሁ ቧንቧ የሚጠፋበት ከሆነ በትንሹ ጀምሩ። ይህ መመሪያ ለ10 ካሬ ሜትር የተሰላ ነው። ለዚያ 5 ግራም ዘርና 2 ካሬ ሜትር መደብ ይበቃል። በደንብ ከተያዘ 10 ካሬ ሜትር እስከ 30 ኪሎ ሊሰጥ ይችላል። ካልተያዘ 10 ኪሎም በስንት መከራ ነው።

ዘሩ

የአበሻ ሽንኩርት የምንለው ትንሹ ዓይነት ከራሱ ከራስ ቅንጣቱ ነው የሚተከለው። እዚህ የምናወራው ከጥቁሯ ፍሬ ስለሚበቅለው ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ነው። ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች አዳማ ሬድ፣ ቦምቤ ሬድና ናፊስ ይታወቃሉ። ለጅማ ጓሮ እኔ ቦምቤ ሬድን አስቀድማለሁ። ቶሎ ይደርሳል፤ እኛ ደግሞ ከዝናብ ጋር እሽቅድድም ላይ ነን። አዳማ ሬድ ቀለሙ ይበልጥ ደማቅ ነው፤ የሚወስደው ጊዜ ግን ጠንከር ይላል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚያምር ሥዕል ያለበት ፓኬት ይዞላችሁ ከመጣ አመስግናችሁ ተቀበሉትና አትዝሩት። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት አይቶ ነው። ብዙዎቹ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የቀን ብርሃን ይጠብቃሉ። ጅማ ላይ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አይዘልም። ቅጠል ይሰጣችኋል፤ ራስ ግን አታዩም።

የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ከተቀመጠ ከአንድ ዓመት በኋላ ጉልበቱ ይከዳዋል። የጅማ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ በማንኪያ እየተለካ ከሚሸጥ ዘር ራቁ። በታሸገ ቆርቆሮ ወይም ፓኬት የመጣ፣ ቀኑ የሚነበብ ግዙ። ሱቁ ውስጥ «እናቴ፣ ይሄ ዘር መቼ የገባ ነው?» ማለት ነውር የለውም። ቀኑን ለማሳየት ያመነቱ እንደሆነ ሌላ ሱቅ አለ።

ከመዝራታችሁ በፊት ሞክሩት። 50 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ሶፍት ላይ አድርጉ፤ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ 40ው ካቆጠቆጠ ዘሩ ጥሩ ነው። 30 ከሆነ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ዝሩ። ከ25 በታች ከሆነ ሌላ ግዙ። የደከመ ዘር ቢበቅል እንኳ ችግኙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደካማ ነው፤ ኋላ ማዳበሪያ አያቃናውም።

መደቡ

ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። የጅማ ጓሮ ትልቁ ጠላት አቮካዶና ማንጎ ነው፤ ጥላቸው ሳይታወቅ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ማታ ወጥታችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ እዩ። ባለፈው ዓመት ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት የነበረበትንም ዝለሉት።

መደቡ 1 ሜትር ወርድ፣ 2 ሜትር ርዝመት ይኑረው። ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ። ይህን ከፍታ ቸል ያለ ሰው በኋላ ችግኙን ሲያስታምም ይከርማል።

አሁን ወደ አፈሩ። የእኛ ቀይ አፈር ጥልቅ ነው፤ ቡና ይወደዋል። ነገር ግን አሲዳማ ነው፣ ፎስፈረሱንም አጥብቆ ይይዛል። የሽንኩርት ሥር ደግሞ አጭር፣ ቅርንጫፍ የሌለውና ፀጉሩም የሳሳ ስለሆነ ራቅ ብሎ መፈለግ አይችልም። አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው የሚበላው። ስለዚህ ምግቡን እኛ አጠገቡ ማቅረብ አለብን።

ለ2 ካሬ ሜትሩ ይህን አድርጉ። አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ጓሉን ሰባብሩ። በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት አንድ ባልዲ ጨምሩ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኤንፒኤስ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት) ማዳበሪያ በትናችሁ ከላይኛው አፈር ጋር ቀላቅሉ። አፈሩ ሲደርቅ እንደ ቂጣ የሚሰነጠቅ ከሆነ ግማሽ ባልዲ አሸዋ ጨምሩበት። ከማጀት የወጣ የእንጨት አመድ ካለ ሁለት እፍኝ ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ፤ አሲዱን ትንሽ ያበርደዋል። አመድንና ዩሪያን ግን አንድ ላይ አታድርጉ። ናይትሮጂኑ ተንኖ አየር ላይ ይቀራል።

ስለ ቡና ገለፈት ሁሌ ይጠየቃል፤ ጅማ ላይ በነፃ የሚገኝ ነገር ነውና። ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል፣ ግን ወራት ቆልሎ ማብላላት የግድ ነው። ትኩሱ ገለፈት ናይትሮጂን ከአፈር ይሻማል፤ ውስጡ ያለው ካፌይንና ሌላውም ቅመም ለጋ ሥር ያቆረቁዛል። እጃችሁን ቁልሉ ውስጥ ስታስገቡ ትኩሳት ካለው፣ ወይም ገና የቡና ሽታ ከሸተታችሁ አልደረሰም ማለት ነው። ሲደርስ ጥቁር፣ ፍርክስክስ የሚልና የጫካ አፈር የሚሸት ይሆናል።

የአፈር አሲድነት ጠበቅ ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ዘላቂው መፍትሔ የእርሻ ኖራ ነው። መጠኑ በአፈር ምርመራ ነው የሚታወቀው፣ በግምት አይበተንም። ከመዝራት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ ነው የሚጨመረው። ሽንኩርት የሚመቸው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ6 እስከ 7 ባለው መካከል ነው።

መዝራት

1. በመደቡ ወርድ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መስመር በእንጨት አስምሩ። ከዚያ አይጠልቅ። ጠልቆ የተዘራ ዘር ስንቁን መንገድ ላይ ይጨርሳል።

2. ዘሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል እያራራቃችሁ ጣሉ። መቁጠር ከሰለቻችሁ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በጣታችሁ ቆንጠር እያደረጋችሁ በትኑ።

3. በተነፋ ኮምፖስት ሸፍኑ፤ በእጃችሁ መዳፍ ቀለል አድርጋችሁ ጠቅጠቅ አድርጉት። ዘሩና አፈሩ ካልተነካኩ ውሃው ለዘሩ አይደርሰውም።

4. ደረቅ ሣር ስስ አድርጋችሁ ጎዝጉዙ። ከዚያ ውሃ። ማጠጫ ከሌላችሁ ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ ሃይላንድ ይበቃል። በጆግ መድፋት ግን ዘሩን ጠራርጎ አንድ ጥግ ላይ ይከምረዋል።

5. ላስቲኩን ከመደቡ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩ፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። አየር የማያስገባ ዳስ ለሻጋታ ሠርግ ነው። ዶሮ ካለ ዙሪያውን እሾህ አጥሩ። ዶሮ እንዲህ ያለ ለስላሳ አፈር አይታ አታልፍም።

ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። ብርድ ከሆነ ሁለት ሳምንትም ይደርሳል። መጀመሪያ የምታዩት ቅጠል አይደለም። እጥፍ ብሎ፣ ጀርባውን አስቀድሞ የሚወጣ አረንጓዴ ክር ነው። ጫፉ ገና አፈር ውስጥ ነው። ከቀናት በኋላ ጫፉ ይመዘዝና ቀጥ ይላል፤ ጥቁሯ የዘር ቅርፊት አናቱ ላይ ተሰክታ ትታያለች። በጣታችሁ አትንቀሏት፣ ራሷ ትወድቃለች። ቀጥሎ ከዚያው ክር ግርጌ ላይ በምትገኝ ጠባብ ስንጥቅ የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ብቅ ይላል።

ግማሹ እንደበቀለ ሣሩን አንሱ። ማታ ፀሐይ ስትበርድ ቢሆን ይመረጣል። «ትንሽ ይጠንክር» ብሎ ማቆየት አይጠቅምም፤ ከሣሩ በታች ያለው ችግኝ ይገረጣል፣ ይጠማዘዛል።

የቆመውን ችግኝ መመርመር

መለኪያው ይኸው። ከተዘራ በ3 ሳምንት የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል መታየት አለበት። በ5 ሳምንት ሁለት ቅጠል። በ7 ሳምንት ሦስት ወይም አራት ቅጠልና ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ችግር የለውም። ለ10 ቀን ምንም ለውጥ ካላያችሁ ግን ቆሟል ማለት ነው።

ያኔ ማዳበሪያ ከመያዛችሁ በፊት ሦስት ችግኝ ንቀሉ። አንዱ ከደህናው፣ አንዱ ከደካማው፣ አንዱ ከመደቡ ዳር ይሁን። በማንኪያ ከሥራቸው አንስታችሁ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ አፈሩን አጥቡና ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስተኟቸው። ቅጠሉ ያወናብዳችሁ ይሆናል፤ ሥሩ ግን ሐቁን ይናገራል።

*ሥሩ ቡናማ ሆኖ ከተሞሸለቀ፣ ቅጠሉ ከገረጣ፦* ውሃ በዝቶበታል። ጅማ ላይ ይህ አንደኛ ምክንያት ነው። አፈሩን ጨብጡት፤ ጠብ የሚል ውሃ ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ማጠጣት አቁሙ። ቦዩን ጥልቅ አድርጉ። በመስመሮቹ መካከል የአፈሩን ፊት በሹካ ጫር ጫር አድርጉ፣ አየር ይግባ። የላስቲኩ ጎን ከተጋረደ ክፈቱት። ከዚያ በኋላ ላዩ ሲደርቅና ጣት ግማሽ ድረስ ስትሰድዱ ከውስጥ ቀዝቀዝ ሲል ብቻ አጠጡ፣ እሱም ጠዋት። ማታ ማጠጣት ችግኙን እርጥብ አልብሶ ማሳደር ነው። እዚህ ላይ ዩሪያ መስጠት ለሰመጠ ሰው ምሳ ማቅረብ ነው።

*አንገቱ አፈሩ ጋ ቀጥኖ እየተኛ፣ በክብ በክብ ካለቀ፦* ይህ መቆም አይደለም፣ በሽታ ነው። አፈር ወለድ ሻጋታ ለጋውን ግንድ ያበሰብሰዋል። የታመመውን ክብ ዙሪያውን ካሉት ደህና ከሚመስሉት ጋር፣ ከነአፈሩ አንስታችሁ ከጓሮ አውጡ። ቀሪውን አሳሱ፣ አድርቁ፣ አየር ስጡ። ክፍተቱ ላይ እንደገና አትዝሩ።

*ሥሩ ነጭና ጤነኛ ሆኖ ቅጠሉ ከጠቆረ ወይም ጫፉ ወይን ጠጅ ካለ፦* ፎስፈረስ አልደረሰውም። አንዳንዴ አፈሩ ውስጥ የለም፤ አንዳንዴ አለ፣ ግን አፈሩ በመቀዝቀዙ ሥሩ ማንሳት አልቻለም። ከዝናብ በኋላ ለቀናት ፀሐይ ከጠፋች ይህ ይበዛል። መጀመሪያ ሙቀት ስጡት፦ ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ጥላ የሚያጠላበትን ሁሉ አንሱ። በየመስመሩ መካከል ጥልቀቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ቀድዳችሁ ለአንድ ሜትር መስመር አንድ ቁንጥር ኤንፒኤስ ጨምሩ፤ በኮምፖስት ሸፍናችሁ ውሃ አጠጡ። ማዳበሪያው ግንዱን እንዳይነካ። ውጤቱ አዲሱ ቅጠል ላይ እንጂ አሮጌው ላይ አይታይም፤ 10 ቀን ታገሡ።

*ሥሩ አጭር፣ ወፈር ያለና ዱልዱም ከሆነ፣ መደቡም በሙሉ አንድ ዓይነት ከቆመ፦* አሲዱን ጠርጥሩ። አሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟው አልሙኒየም የሥሩን ጫፍ ያቃጥለዋል። በዚህ ሰዓት ኖራ መበተን አይደርስም። ስስ አመድ ነስንሳችሁ ውሃ አጠጡና ከላይ አንድ ጣት የማይሞላ ኮምፖስት በመስመሩ መካከል ጨምሩ፤ አዲሱ ሥር እዚያ ውስጥ ይሰደዳል። ለሚቀጥለው ዓመት ግን አፈሩን አስመርምሩ።

*ችግኙ ረዥም፣ ቀጭን፣ ወደ አንድ ጎን የሚተኛ ከሆነ፦* ብርሃን አጥቷል። ላስቲኩ ቆሽሾ ይሆናል፣ እጠቡት። ዝናብ በማይጥልበት ቀን ጨርሶ ግለጡት። የዛፍ ቅርንጫፍ ከሆነ ችግሩ መቁረጥ ነው፤ የጎረቤት አቮካዶ ከሆነ ደግሞ ከጎረቤት ጋር መነጋገር።

*በመስመሩ ላይ እንደ ጓሮ ሣር ከተጠቀጠቀ፦* ምግብም ብርሃንም እየተሻማ ነው። አሳሱት። አትንቀሉ፣ የቀሪውን ሥር ያናጋል። በመቀስ ከአፈሩ አጠገብ ቁረጡ። በችግኝና በችግኝ መካከል የትንሿ ጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይቅር። አረሙም በዚሁ ይነቀል። ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ሽንኩርት አረምን አያጠላበትም፣ ራሱን አያስከብርም።

ይህ ሁሉ ታይቶ፣ ሥሩ ነጭ፣ አፈሩ የተንጠፈጠፈ፣ ብርሃኑ የሞላ ሆኖ የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ ቢጫ ከሆኑ ያን ጊዜ የዩሪያ ተራ ነው። ከባድ ዝናብ መደቡን ካጠበው በኋላ በተለይ ይህ ያጋጥማል። 5 ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ አሟሙ። በጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ 2 ካሬ ሜትሩ ላይ አጠጡ፤ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ቅጠሉን አለቅልቁ። ካስፈለገ ከ10 ቀን በኋላ አንዴ ድገሙ። ከዚያ በላይ አይሂድ። ዩሪያ የበዛበት ችግኝ ለዓይን ያምራል፣ ይለመልማል፤ ማሳ ላይ ሲወጣ ግን ልፍስፍስ ነው። ጫፉ በድንገት ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ አብዝታችኋልና ብዙ ንጹሕ ውሃ አፍስሳችሁ እጠቡት፤ ቦዩ መልካም ከሆነ ይወርዳል።

ስለ ተባይ አጭር ልበል። ችግኝ በጠዋት ከግንዱ ተቆርጦ ወድቆ ካገኛችሁ ቆራጭ ትል ነው። አፈሩን በጣት ስትፈልጉ እዚያው አጠገብ ተጠቅልሎ ይገኛል። ብርማ ጭረት ቅጠሉ ላይ ከታየ ትሪፕስ ነው፤ የቅጠሎቹን መጋጠሚያ ፈልቅቃችሁ እዩ፣ በዓይን እምብዛም የማይለዩ ቢጫ ነፍሳት ይርመሰመሳሉ። በመደብ ደረጃ ውሃ በጫና መርጨትና አረሙን ማጽዳት ብዙውን ይቀንሳል።

ማለማመድ

ለማዛወር 10 ቀን ሲቀር ላስቲኩን በየቀኑ ረዘም ላለ ሰዓት ግለጡ፤ በመጨረሻ ጨርሶ ይነሳ። ውሃውን ቀንሱ፣ ግን እስኪጠወልግ አይሁን። ዩሪያ የለም። እንዲህ ያላለፈ ችግኝ የኅዳር ፀሐይና የኅዳር ሌሊት ብርድ ባንድ ላይ ሲያገኙት ሳምንት ሙሉ ይተኛል።

ለይቶ ማዛወር

ከመንቀላችሁ በፊት በዋዜማው መደቡን በደንብ አጠጡ። በጠዋት ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ሲቀዘቅዝ ንቀሉ። ከሥር በአካፋ ወይም በትንሽ ዶማ አንሱ እንጂ ቅጠሉን ይዛችሁ አትጎትቱ።

አሁን ለሦስት ክፈሉት። ግንዱ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ያለችውን የቀለም ቱቦ ውፍረት ያለፈ፣ ሦስት ወይም አራት ቅጠል ያለው፦ ዛሬውኑ ወደ ማሳ። ከዚያ የቀጠነ ግን ሥሩ ነጭ የሆነ፦ መደቡ ላይ ይቆይ። ሥሩ የተበላሸ ወይም አንገቱ የተቆለመመ፦ ይጣል። የእርሳስ ውፍረት ያለፈ ካለ ደግሞ ለማሳ አይሆንም፤ ብርድ ሲነካው ራስ ከመቋጠር ይልቅ አበባ ማውጣት ይቀናዋል። ወጥ ውስጥ ክተቱት።

መካከለኛውን ቡድን ነው ብዙ ሰው የሚያባክነው። ከጠንካራው ጋር ቀላቅሎ ይተክለዋል፤ ጠንካራው ይጋርደዋል፣ እሱም እዚያው ይቀራል። መደቡ ላይ ቢቀር ግን ጎረቤቶቹ ተነስተውለታል፣ ቦታ አግኝቷል፣ ብርሃን አግኝቷል። በ10 ቀን ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ለተከላ ይደርሳል። ለብቻው መስመር ስጡት፤ ከፊተኛው ጋር ሳይሻማ የራሱን ጊዜ ወስዶ ራስ ይቋጥራል።

ቅጠሉን ከላይ ቆርጦ መትከል ብዙ ቦታ ይለመዳል። እኔ ጅማ ላይ አልመክረውም። የተቆረጠ ቅጠል ክፍት ቁስል ነው፤ እርጥበት ባለበት አገር ቁስል በሽታ ይጠራል። ሥሩ በጣም ከረዘመ ግን ከጫፉ ትንሽ መቁረጥ ለመትከል ያመቻል።

ማሳው ላይ 200 ግራም ኤንፒኤስ ለ10 ካሬ ሜትር ቀላቅሉ። ከፍ ያለ መደብ አውጡ፤ አንድ መደብ ላይ ሁለት መስመር፣ በመካከላቸው 20 ሴንቲ ሜትር፤ ለውሃ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር፤ በችግኝ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር። ትልልቅ ራስ የምትፈልጉ 7 አድርጉት። ችግኙ መደብ ላይ በነበረበት ጥልቀት ይተከል፣ ሥሩ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ። አፈሩን በሁለት ጣት ጠበቅ አድርጉና ወዲያው አጠጡ።

ከተከላ በኋላ

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ። ከዚያ እንደ አፈሩ በየ5 እስከ 7 ቀን። ችግኙ መጀመሪያ ቢጠወልግ፣ አሮጌው ቅጠል ቢደርቅ አትደንግጡ። ከመሃል አዲስ ቅጠል ብቅ ካለ ነፍስ ዘርቷል። እያንዳንዱ ቅጠል ግርጌው ላይ ኋላ አንድ የሽንኩርት ልጣጭ ይሆናል፤ ራስ ከመቋጠሩ በፊት ያወጣው ቅጠል ብዛት የራሱን ትልቅነት ይወስነዋል። ስለዚህ በዚህ ወቅት የጠፋ ሳምንት በኋላ ሚዛን ላይ ይታያል።

ኩትኳቶ ጥልቀት የሌለው ይሁን፣ ሥሩ ላይ ላዩን ነው ያለው። ዩሪያ በሁለት ጊዜ ስጡ፦ በ3 ሳምንት 60 ግራም፣ በ6 ሳምንት 60 ግራም፣ ለ10 ካሬ ሜትሩ በሙሉ። ከመስመሩ ራቅ አድርጋችሁ ቦይ ውስጥ ጨምሩና አፈር መልሱ። ከዚያ በኋላ አይጨመርም፤ ዘግይቶ የተሰጠ ዩሪያ አንገቱን ያወፍረዋል፣ ሲከማች ይበሰብሳል። ደመናና ጤዛ ከበዛ ቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ ቁስል ያለው ሞላላ ነጥብ ፈልጉ። ካያችሁ የታመመውን ቅጠል ልቀሙ፤ ከባሰ ማንኮዜብ ያለበትን ፀረ ሻጋታ እንደ መለያው መመሪያ፣ ጓንትና መሸፈኛ አድርጋችሁ ርጩ።

ከግማሽ በላይ የሆነው ሽንኩርት አንገቱ ሲወድቅ ውሃ አቁሙ። ከሳምንት ወይም ከ10 ቀን በኋላ ንቀሉና ከነቅጠሉ ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ዘርጉት። ሲሚንቶ ወለል ላይ አትከምሩት። አንገቱን በሁለት ጣት ስትጨምቁት ውስጡ የማይንሸራተት ሲሆን ደርቋል፤ ቅጠሉን ሁለት ጣት አስቀርታችሁ ቁረጡ። የመጋቢት ዝናብ ከቀደማችሁና ገና እርጥብ ከሆነ ማጀት ውስጥ ጭስ በሚደርስበት ቦታ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ፤ አንገተ ወፍራሙን ለይታችሁ አስቀድማችሁ ብሉት።